ለጥምቀት ሰፈር ማስጌጥ በጎንደር፦ ከቅዳሜ ገበያ እስከ ጥር 13

ሰፈር ለጥምቀት እናስጊጥ ሲባል ወሬው ሁሉ ስለ ጨርቅ ቀለም ይሆናል። እኔ ግን ከቁመት ጀምሩ እላለሁ። ታቦቱ በካህኑ ራስ ላይ ነው፣ ከታቦቱ በላይ ደግሞ ድባብ ይዘረጋል። የምትሰቅሉት ነገር ሁሉ ከድባቡ በላይ መዋል አለበት።

ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጓደኞቼ ጋር በሰፈራችን መግቢያ ላይ ያቆምነው ቅስት ለዓይን ያምር ነበር። ቁመቱን ግን የለካነው በግምት ነው። ታቦቱ ሲደርስ ድባብ ያዦቹ ድባቡን አጥፈው፣ ካህናቱም ጎንበስ ብለው አለፉ። የተቆጣን የለም፤ አንድ አባት ብቻ ቀና ብለው ቅስቱን አዩና፣ "ልጆቼ፣ ይኼን በር ለማን ቁመት ነው የለካችሁት?" አሉን። ከዚያ ወዲህ ዘንግ ሳንይዝ ሥራ አንጀምርም።

ዘንጉን ቁረጡ (ኅዳር)

ቀጥ ያለ፣ 5 ሜትር የሆነ ቀጭን አጠና ፈልጉ። 3 ሜትር ከ50 ላይ አንድ፣ 4 ሜትር ከ50 ላይ ሌላ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ታቦት በሚያልፍበት መንገድ የማንኛውም ገመድ ዝቅተኛ ቦታ ከላይኛው ምልክት በታች አይውረድ። ድባቡ ራሱ 3 ሜትር ገደማ ቢደርስ ነው። ነገር ግን ድባብ ያዡ በዝማሬው ክንዱን ያነሣል፣ ፈረሰኛም ያልፋል፤ ሰው ታሞ አምቡላንስ መግባት ካለበትም ጨርቃችሁ ሊያግደው አይገባም። ታቦት በማያልፍበት የውስጥ መንገድ የታችኛው ምልክት ይበቃል።

የትኛው መንገድ የታቦት መንገድ እንደሆነ በልማድ አትወስኑ። የመንገድ ሥራ እየተሠራ አቅጣጫ የሚቀየርበት ዓመት አለ፤ ከደብሩ አስተዳዳሪ ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ጠይቁ። ሲመለስ በየት እንደሚመጣም አብራችሁ ጠይቁ። ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ብዙዎቹ ጥር 11 ይመለሳሉ፣ የሚካኤል ታቦት ግን አድሮ ጥር 12 ነው የሚገባው። ሰፈራችሁ በሚካኤል መንገድ ላይ ከሆነ የቄጤማውም የሰው ኃይሉም ሒሳብ በአንድ ቀን ይጨምራል።

ዘንጉን ይዛችሁ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱ። የመንገዱን ርዝመትና ወርድ፣ ገመድ የሚታሰርባቸውን ቦታዎች፣ የመብራትና የስልክ ሽቦ የሚያቋርጥበትን ሁሉ በደብተር ጻፉ። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የቆርቆሮው ጠርዝ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከቤት ወደ ቤት መወጠር አይሆንም፤ ከአጥሩ ቋሚ ጋር የሚታሰር ረጅም አጠና ያስፈልጋችኋል። በመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ መውጣት ቀርቶ መሰላል ማስደገፍም ክልክል ነው በሉ። እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

በፒያሳና በግቢው ዙሪያ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር። ፋሲል ግቢና የከተማው ሌሎች የነገሥታት ሕንፃዎች፣ የፋሲል መዋኛም ጭምር፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው። ግንቡ በኖራ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ አንድ ሚስማር የነቀነቀውን ድንጋይ ዝናብ ይጨርሰዋል። በመዋኛው ዙሪያ ግንቡን በሥራቸው ያቀፉት ዛፎችም የገመድ ማሰሪያ አይደሉም። ግንብ አጠገብ የምትፈልጉት ጌጥ ካለ በራሱ እግር የሚቆም ይሁን።

መዋጮ

አጭር ነው፦ አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ደብተር። የተዋጣውንና የተገዛውን በየሳምንቱ ለሰፈሩ አንብቡ። መሰላል፣ ድንኳንና ወንበር ከዕድሩ ተዋሱ እንጂ አትከራዩ። ለቀበሌውና ለትራፊክ ፖሊስ ቅስቱ የሚቆምበትን ቦታ ቀድማችሁ አሳውቁ።

ገበያው

ቅዳሜ ገበያ ስሙ የቅዳሜ ነው እንጂ በሌላውም ቀን ይሠራል። ምን በየትኛው ቀን እንደሚገዛ ማወቅ ግን ትልቅ ነገር ነው። ጨርቅ በአዘቦት ቀን፣ በጠዋት ግዙ። ነጋዴው ሥራ ስለማይበዛበት ጣቃውን ዘርግቶ ያሳያችኋል፣ በዋጋም ይነጋገራል። አጠና፣ ገመድ፣ ሰፌድ፣ ዕጣንና የመሳሰለውን ደግሞ ገጠሩ በሚወጣበት ቅዳሜ ግዙ፤ ከባለቤቱ እጅ ታገኛላችሁ። ጨርቁን ከገና በፊት ጨርሱ። ከገና በኋላ ከተማው ሁሉ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሲፈልግ ሦስቱን ቀለም እኩል ማግኘት ይቸግራል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ለምን ቢጫው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ለልብስ ሰፊም ይመቻል፤ ነገር ግን ውኃ ይጠጣል፣ ሲከብድ ገመዱን ያረግበዋል፣ ሲታጠብም ያጥራል። ሳቲን በፀሐይ ያበራል፤ ጠርዙ ግን ቶሎ ይተረተራል። እኔ ለሚውለበለበው ሁሉ ቀጭን ቴትሮን፣ ቅስት ለሚለበስበት ደግሞ አቡጀዲ እመርጣለሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት የምትሠሩት አንድ ፈተና አለ፤ ጥምቀት የውኃ በዓል መሆኑን ያልረሳ ሰው የሚሠራው ፈተና። ከጨርቁ ጫፍ ጥቂት ቆርጣችሁ በውኃ ንከሩና በነጭ ጨርቅ ላይ እሹት። ቀለም ከለቀቀ ተዉት። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ጠበል ይረጫል፣ የእናንተ ቀይ ጨርቅ በሰው የሀገር ልብስ ላይ ይወርዳል። የወረቀት ጌጥን የምቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ቤት ውስጥ ያምራል፣ ለጥምቀት ግን ከሰዓት በኋላ ጭቃ ነው። ፊኛም እንዲሁ። እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ይፈነዳል፣ ሲፈነዳ ደግሞ ፈረስ ይደነግጣል።

የጨርቁን ወርድ ራሳችሁ ለኩ፤ 90 ሳንቲ ሜትርም 1 ሜትር ከ50ም አለ፣ ዋጋ የምታወዳድሩት ወርዱን ካወቃችሁ በኋላ ነው። ከ20 ሜትር በላይ የምትገዙ ከሆነ የሜትሩን ዋጋ ትታችሁ የጣቃውን ጠይቁ። ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ደረሰኙንም ለደብተሩ ያዙ።

ስንት ጨርቅ ይበቃል? ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሜትር የሆነ መንገድ እንያዝ። በየ5 ሜትሩ አንድ ገመድ ብታሻግሩ 13 ገመድ ይሆናል። በየገመዱ ላይ በ35 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሦስት ማዕዘን ጨርቆች ቢሰፉ በአንዱ ገመድ 28፣ በጠቅላላው 364 ጨርቅ ነው። የአንዱ ጨርቅ አግዳሚ 25፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ጨርቅ ላይ አንዱን ወደ ላይ፣ ቀጣዩን ወደ ታች እያዞራችሁ ብትቆርጡ ከአንድ ረድፍ 11 ይወጣል። 4 ሜትር ጨርቅ 13 ረድፍ ስለሚሰጥ 143 ይሆናል። ስለዚህ ከየቀለሙ 4 ሜትር፣ በድምሩ 12 ሜትር ገዝታችሁ ለመጠባበቂያም ይተርፋችኋል። እያዞራችሁ ካልቆረጣችሁ ግን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ገመዱ ለአንዱ መስመር 10 ሜትር፣ ለርግበት 1 ሜትር፣ ለማሰሪያ በየጫፉ 2 ሜትር ነው፤ 15 በ13 ሲባዛ 195፣ እንግዲህ 200 ሜትር ግዙ። ሲባጎ ሲረጥብ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ይረግባል፤ የናይለን ገመድ ይሻላል።

የጎንደርን እጅ ሥራ አትርሱ። ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፉ ሰፌዶች በቅስቱ አናት ላይ ሲደረደሩ ከማንኛውም የፋብሪካ ጌጥ ይበልጣሉ፤ ለአንድ ቀን ከየቤቱ መዋስም ይቻላል፣ በጀርባቸው የባለቤቱን ስም ጽፋችሁ። የዕጣን ማጨሻ ሸክላ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ ታገኛላችሁ። ዕጣኑን የመተማ በሉና ጠይቁ፤ የመተማ ቆላ የዕጣን አገር ነው።

ልብስ ሰፊው ዘንድ

ጨርቁን ቆርጣችሁ ሂዱ። ሰፊው ቆርጦ ይስፋ ካላችሁ ዋጋው ሌላ ነው። ሰፊው የጨርቁን አግዳሚ ጠርዝ ሁለት ሳንቲ ሜትር አጥፎ በገመዱ ላይ እንዲሰፋው ንገሩት፤ በገመዱ ውስጥ የሚንሸራተት ከሆነ ነፋስ ሁሉንም ወደ አንድ ጥግ ይሰበስበዋል። ለቴትሮኑ ጠርዝ መተርተር መላው ቀላል ነው፦ በሻማ ነበልባል አጠገብ ቶሎ ማሳለፍ። ይህን ውጭ፣ ውኃ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ሥሩ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ካላደረሳችሁለት ሰፊው የሀገር ልብስ ሥራ ይበዛበትና ወረፋ ትይዛላችሁ።

ቅስቱ

ብዙው ሰፈር ኮብልስቶን ስለሆነ ጉድጓድ መቆፈር የለም። መላው በርሜል ነው። አራት ግማሽ በርሜል አምጡ፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት። በየበርሜሉ መሃል 5 ሜትር ከ50 የሆነ ወፍራም አጠና አቁማችሁ በድንጋይና በጠጠር ሙሉት። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት አጠናዎች ከመሃል መሃል 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ፤ በየ1 ሜትሩ በማገር አያይዟቸው። ከላይ ሁለት ረጃጅም አጠናዎችን አጋድማችሁ እሰሩ። ሚስማር ብቻ አትመኑ፤ በሽቦ ጠፍሩት። የአግዳሚው የታችኛው ጠርዝ ከዘንጉ ላይኛ ምልክት በላይ መዋሉን አሁን ለኩ፣ ከተሰቀለ በኋላ ሳይሆን። በመጨረሻ ከአናቱ ወደ አራት አቅጣጫ ገመድ ወጥሩ። የጥር ቀን ደረቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል።

ለማልበስ 1 ሜትር ከ50 ወርድ ያለውን ነጭ አቡጀዲ በርዝመቱ ለሁለት ሰንጥቁ። መንገዱን ተሻጋሪው 8 ሜትር፣ ሁለቱ እግሮች እያንዳንዳቸው 5 ሜትር ቢለበሱ ፊቱ 18 ሜትር፣ ጀርባው 18 ሜትር ነው፤ 18 ሜትር ጨርቅ ስትሰነጥቁት ለሁለቱም ይበቃል። ጀርባውን አትዝለሉ። ታቦቱ በማግስቱ ሲመለስ የሚያየው ያንን ነው። በነጩ ላይ ሦስቱን ቀለም በጥብጣብ አዙሩ፣ አናቱን በጥድ ቅርንጫፍ ሙሉት። ጥዱ ከየግቢያችሁ ይምጣ፤ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ቅጠል እንኳ አይቆረጥ። ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ጨርቅ ከሰቀላችሁ በጽሑፉ መሃል ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ቀዳዳዎች ቁረጡ፣ ነፋሱ ይለፍ፤ አለዚያ ቅስቱን እንደ ጀልባ ሸራ ይጎትተዋል።

ቅስቱ ጥር 8 ይቁም። ጥር 9 ነፋሱ ይፈትነው፣ እናንተም አጥብቁ።

ቄጤማ

ጌጥ ሁሉ ያለቀለት ሲመስል ሰፈሩን በዓል የሚያሸተው ቄጤማ ነው። ችግሩ ጥር መሆኑ ነው። ለእንቁጣጣሽ ክረምቱ ገና ስላልወጣ ቄጤማ በየወንዙ ዳር አለ፤ በጥር ግን ቅርቡ ረግረግ ደርቋል፣ ከሩቅ ይመጣል። ስለዚህ ለቄጤማ ገበያ ወጥቶ መፈለግ ሳይሆን ቀድሞ ማዘዝ ነው የሚያዋጣው። እኛ የምናዘው ከአንዲት እናት ነው። በመጀመሪያው ቀን ንግግራችን እንዲህ ነበር፦

"እማማ፣ ለከተራ ጠዋት 12 ሸክም ያመጡልናል?"

"ቀብድ ከሰጣችሁኝ አመጣለሁ ልጄ። የዘንድሮ ውኃ ግን ሸሽቷል፣ በዓምናው ዋጋ አይሆንም።"

"ስንት ያስባሉ?"

"ተሸካሚዎቹን ልጠይቅና ቅዳሜ ና።"

ቅዳሜ ሄድን፣ ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ሰጠን። ቄጤማው በከተራ ጠዋት ደጃችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ አልፈለግንም።

መጠኑን ለማወቅ አንድ ሸክም ፈትታችሁ በትክክለኛው ጥግግት በትኑና ስንት ሜትር እንደሸፈነ ለኩ፤ ሸክም እንደ ተሸካሚው ስለሚለያይ ከዚህ የተሻለ ቁጥር ልሰጣችሁ አልችልም። ሁሉንም በከተራ አትበትኑ። ሲሶውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፤ የጎንደር የጥር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ሳይጠወልግ ያድራል። ጥር 11 ታቦቱ ከመመለሱ በፊት የተረገጠውን ጠርጋችሁ አዲሱን ትበትናላችሁ። አበታተኑ ደግሞ መንገዱን በሙሉ ማልበስ አይደለም። መሃሉ ለምንጣፉ 2 ሜትር ያህል ክፍት ይሁን፣ ቄጤማው ግራና ቀኝ ይሁን። ቄጤማ በኮብልስቶን ላይ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ ታቦት የተሸከመ ካህን በዚያ ላይ እንዲራመድ አትፍረዱበት። ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

ምንጣፉ

ጀማሪ ሰፈር ረጅም ምንጣፍ ልግዛ ብሎ ገንዘቡን ይጨርሳል። ሁለት ባለ 20 ሜትር ጥቅል ይበቃል። ታቦቱ አንደኛው ላይ ሳለ ሁለተኛው ፊቱ ተነጥፏል፤ ታቦቱ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር አንደኛው ከኋላ ተጠቅልሎ ወደ ፊት ይሮጣል። የሚያስቸግረው ሩጫው ነው። በየጥቅሉ ስድስት ልጅ መድቡ፦ ሁለት የሚጠቀልሉ፣ አራት የሚሸከሙ። ተሸካሚዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ጎን ብቻ፣ ከመዘምራኑ ውጭ ይሩጡ፤ በታቦቱ ፊት አቋርጦ መሮጥ ነውር ነው። ከምንጣፉ ፊት መጥረጊያ የያዙ ሁለት ልጆች ይቅደሙ፣ ጠጠር ሥሩ ከቀረ ባዶ እግራቸውን ለሚሄዱት ካህናት ያማል። ምንጣፉን ሌላ ሰው እንዳይረግጠው ግራና ቀኝ እጅ ለእጅ የሚያያዙ ወጣቶችም ያስፈልጋሉ።

ጥር 7 ወይም 8 ማታ ባዶ መንገድ ላይ ተለማመዱ። አንድ ሰው ሰፌድ በራሱ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ይሂድ፣ እናንተ አንጥፉ፣ ጠቅልሉ። በመጀመሪያው ልምምድ ሁሉም ይጋጫል፣ ሳቅ ነው። ጎረቤት ለሌላ ደብር የሚያነጥፍ ቡድን ካለ የት ላይ እንደምትረካከቡ ተነጋገሩ፤ መሃል ላይ የቀረ 30 ሜትር ባዶ መንገድ የሁለታችሁም ሐፍረት ነው።

መብራት

ለከተራ ማታ አንድ መስመር ባለ ቀለም አምፖል ይበቃል። ለውጭ የተሠራ፣ ኤልኢዲ የሆነ ግዙ። መገጣጠሚያው መሬት ላይ አይቀመጥ፣ ቄጤማ ውኃ ይረጭበታልና። ጧፍና ችቦ ከጨርቁ 2 ሜትር ይራቅ፤ ቴትሮን ሲቃጠል ይንጠባጠባል።

ማውረድ

ጥር 13 ጠዋት ይውረድ። እንግዳው ሳይሄድ፣ ፀሐዩ ቀለሙን ሳይበላው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በማግስቱ በየሽቦው የተንጠለጠለ ቡትቶ ግን የማንም ቅርስ አይደለም። ቄጤማውን ከውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ አውጡ፣ ለከብት ይሰጥ። ገመዶቹን በክርናችሁ ላይ እየጠቀለላችሁ እያንዳንዱን ለብቻ እሰሩና የታሰረበትን ቦታ ቁጥር ጻፉበት፤ የሚመጣው ዓመት ግማሽ ቀን ሥራ ይቀንስላችኋል። ጨርቁ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ ጆንያ ውስጥ ይግባ፤ በርበሬና እህል ከሚቀመጥበት ግን ይራቅ፣ አይጥ ይበላዋል። የመስቀል በዓል ሲደርስ ሦስቱ ቀለም እንደገና ይወጣል፣ በላዩ ላይ አደይ አበባ መጨመር ብቻ ነው።

ሰፌዶቹን በጀርባቸው ባለው ስም እየጠራችሁ መልሱ። ዘንጉ የዕድሩ ዕቃ ቤት ጥግ ላይ ይቁም፤ ቀይ ጨርቆቹን አትፍቱ።